ኩማ ፎቶ ስቱዲዮ

ሰው ልጅ ሲወለድለት ለስሙ ብዙም አይጨነቅም። አያት ትኖራለች፣ አክስት ትኖራለች፣ ጎረቤት አይጠፋም፤ ከአንዳቸው አፍ አንድ ቃል ያመልጥና ሕፃኑ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ይኖራል። ሱቅ ሲከፍት ግን ጉድ ይፈላል። ወዳጅ ይሰበሰባል፣ መዝገበ ቃላት ይገለጣል፣ ሚስት ታኮርፋለች። በተለይ እኛ ሐበሾች ለሱቃችን ስም ስናወጣ ከራሳችን በራቅን ቁጥር የሠለጠንን ይመስለናል። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ሆቴሉን በውቅያኖስ ስም ይጠራል። ከሠፈሩ ወጥቶ የማያውቅ ፀጉር አስተካካይ በሩ ላይ «ፓሪስ» ብሎ ይጽፋል፤ ገብታችሁ ስትቀመጡ ግን መቀሱም ሐሜቱም የሠፈሩ ነው። ደርግ መጣና ደግሞ ፋሽኑ ተቀየረ። ያ ሁሉ ፓሪስና ሮማ በአንድ ክረምት «ኅብረት»፣ «ትግል»፣ «ዕድገት» ሆኖ አረፈው። ሰው ራሱን ስቶ በሸክም የሚወጣበት ጠጅ ቤት «ንቃት» ተብሎ ተሰይሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቱን «ምነው?» ብለው፣ «ዘመኑ ነዋ!» አለኝ።

ታዲያ ያን ዘመን ሸሽተን ናይሮቢ የገባነው ሰዎች ልብሳችንን ጥለን ብንመጣም ይህን አመል ግን ከነጓዙ ይዘነው ነበር የገባነው።

እኔ አገር ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ናይሮቢ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ስለሌለ ሥራ ፈት ሆንኩ። ደግነቱ ኢስትሊ በሚባለው ሠፈራችን አንድ ሐበሻ ሱቅ በከፈተ ቁጥር «ጋሼ፣ እስቲ ዘመናዊ ስም አውጣልኝ» ብሎ ወደ እኔ ይመጣል። ክፍያዬ ሻይ በማንዳዚ፣ በኬንያ ቦንቦሊኖ ነው። ደረጀ ኩማም የመጣው እንዲሁ ነው።

ደረጀ የወለጋ ልጅ፣ ፎቶ አንሺ ነው። አዲስ አበባ በሰው ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ለብዙ ዓመት የሌላውን ፊት ሲያጥብና ሲያደርቅ የኖረ፣ ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ ሰው ነበር። ስደተኛ ደግሞ ከዳቦ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ወረቀት ሁሉ ፊቱን ይጠይቀዋል። ስለዚህ ደረጀ ማማ ንጄሪ ከምትባል ኬንያዊት የፊት ክፍል ተከራየ፤ ሰማያዊ መጋረጃ ዘረጋ፤ ኮት ለሌለው ደንበኛ አንድ ኮትና አንድ ከረባት ምስማር ላይ ሰቀለ። (ያኔ በኢስትሊ አልፎ ካናዳ የገባውም አውስትራሊያ የገባውም ሐበሻ ፎቶውን ቢያወጣ ያው አንድ ኮት ነው።) የቀረው ስም ብቻ ነበር።

እኔ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። «ኒው ሆራይዘን» አልኩት። «ሲልቨር ስካይ» አልኩት። «ዩኒቨርሳል» ላይ ስደርስ ሻዩን አስቀመጠና እጄን ይዞ ወደ መንገድ አወጣኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ የሕንዶቹን ሱቆች አንብብልኝ።»

አነበብኩለት። የአባት ስም፤ ቀጥሎ «እና ልጆቹ»። የአያት ስም፤ ቀጥሎ «እና ወንድማማቾች»።

«አየህ? የሠለጠነ ሰው የአባቱን ስም ነው የሚሰቅለው። ከአባታችን የምንሸሸው እኛ ብቻ ነን። እኔ ‹ኩማ ፎቶ ስቱዲዮ› ነው የምለው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ልንገርህ፣ ይህ ስም እዚህ አገር ገድ አለው። ቢሮ ገብቼ ‹ሚስተር ኩማ› ሲሉኝ ሰው ሁሉ ፊቱ ይበራል። አንዷማ ‹እስቲ ድገመው› ብላኝ ስደግምላት ጓደኞቿን ጠርታ አሰማቻቸው። እንዲህ የሚወደድ ስም እያለኝ ሆራይዘን ምን ያደርግልኛል?»

ኩማ በኦሮምኛ ሺህ ማለት ነው። ውብ ስም ነው፤ አጭር፣ ለአፍ የሚመች። እኔም ተስማማሁ። የታፔላው ሠዓሊ ግን ሁለት ጊዜ አስደግሞ ጠየቀን። ለጥንቃቄ መሰለንና እኔው ፊደሎቹን በእንግሊዝኛ አንድ በአንድ ጠራሁለት፤ አስተማሪ አይደለሁ! ከንፈሩን ነክሶ ጻፈው። በቀይ ቀለም፣ ክንድ በሚያህል ፊደል። ደረጀ ሲሰቀል አይቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያን ሰሞን ሞያሌ ለሚመላለስ ጨርቅ ነጋዴ መልእክት ሰጠው፦ «ለአባባ አድርስልኝ፤ ስምዎ ናይሮቢ ላይ ተሰቅሏል በላቸው።»

ገበያው የደራ መሰለ። ሰው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ታፔላውን ያያል፣ ይስቃል፣ ጓደኛውን ይዞ ተመልሶ ይመጣል። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ሳይቀር ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኔና ደረጀ በር ላይ ቆመን ለሁሉም እጅ እናውለበልብ ነበር። ሴት ደንበኛ ግን አንዲት እንኳ አልገባችም። እኔ በበኩሌ ለኢትዮጵያውያኑ የጸሎት ጉባኤ እንግዳ ሆኖ ለመጣ ኬንያዊ ፓስተር «ፎቶ ካሻዎት ኩማ ጋ ይሂዱ» ብዬ በጨዋ እንግሊዝኛ ስነግረው ሳል ይዞት ወጣ። ብርድ መትቶት ይሆናል አልኩ።

ማማ ንጄሪ በዚያ ሰሞን ገጠር ዘመዶቿ ጋ ነበረች። ግርማ ያላት፣ ባሏ የሞተባት፣ እሑድ እሑድ ነጭ ሻሽ አስራ ቤተ ክርስቲያን የማትቀር ሴት ናት። ስትመለስ በሯ ላይ ቆማ ታፔላውን አየች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣበቀች። ከዚያ እኔንና ደረጀን ሰላም ሳትል አልፋን ገባችና የደረጀን ሚስት ፀሐይን በእጇ ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት። ሹክሹክታ ሰማን። ቀጥሎ የፀሐይ «ጌታ ሆይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ፀሐይ አፏን በሻርፕ ሸፍና ወጣች።

«አውርደው» አለችው።

«ምኑን?»

«ታፔላውን።»

«ለምን ሲባል?»

«አውርደው ብዬሃለሁ፣ ደረጀ!»

«ምክንያቱን ንገሪኛ!»

ወደ እኔ አየች። እኔ ፊቴን ወደ መጋረጃው አዞርኩ። ጆሮው ላይ ተጠግታ ነገረችው። ደረጀ ደንበኞቹን በሚያስቀምጥበት በርጩማ ላይ ቁጭ አለ፤ መብራቱ ፊቱ ላይ በርቶ ስለነበር ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አየሁት። «ጋሼ፣ በስዋሂሊ... የሴት ልጅ ሀፍረት ማለት ነው» አለኝ።

ሀፍረት። አማርኛችን ጨዋ ቋንቋ ነው፤ ያንን ነገር ሲጠራው እንዲህ ሸፍኖ ነው። ያን ዕለት ግን ስሙም ግብሩም አንድ ላይ መጡብን። በስዋሂሊ ቃሉ ሽፋን እንኳ የለውም፤ ሰካራም ሲሳደብ ካልሆነ በቀር ደህና ሰው ከአፉ አያወጣውም። እንግዲህ ይህንን ነው በቀይ ቀለም ጽፈን፣ ከኋላው «ፎቶ ስቱዲዮ» ብለን ጨምረንበት፣ በአንዲት አማኝ መበለት ቤት ግንባር ላይ የሰቀልነው። ከሥሩ ቆመን ለአላፊ አግዳሚው እጅ ያውለበለብነውም እኛው ነን። የፓስተሩ ሳል ትዝ ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ታፔላው ወዲያው ወረደ። በምትኩ ምን እንበል ሲባል ለማሰብ አቅም ያለው አልነበረም። ዘመናዊ ስም ስንፈልግ ከርመን በመጨረሻ «ሞደርን ፎቶ» አልነው። አለቀ።

ለእኛ አለቀ እንጂ መልእክቱ ሞያሌን ተሻግሮ ወለጋ ደርሶ ነበር። አባባ ኩማ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። መንደር ምሥረታ ሲመጣ ካድሬዎቹ ቤታቸውን አስፈርሰው፣ ማገሩን በገዛ ትከሻቸው አሸክመው፣ ሜዳ ላይ በተሰለፈ ጎጆ አስገብተዋቸዋል። እሳቸው ያላቸው እንግዲህ ስማቸው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ናይሮቢ ላይ ተሰቅሏል ተባለ። በምን በምን እንደመጡ ጌታ ያውቃል፤ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከሞያሌ በመጣ የጭነት መኪና ኢስትሊ ወረዱ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዘንጋቸውን የያዙ፣ ያረጀ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ። ነጋዴው መንገድ ላይ አራቱን የስማቸውን የእንግሊዝኛ ፊደላት አቧራ ላይ እየጻፈ አስጠንቷቸው ኖሯል።

ልጃቸውን ስመው ሳይጨርሱ ወደ ታፔላው ቀና አሉ። ጣታቸው ፊደሎቹ ላይ ዞረ።

«ኤሟ ይቺ ናት» አሉ። «ሌሎቹስ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «አባባ፣ ስምዎ በዚህ አገር ቋንቋ...» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር በልጅ አፍ አያልቅም። ደረጀ ላብ አጠመቀው።

«አባባ፣ እዚህ አገር የሰው ስም ሱቅ ላይ መስቀል ተከልክሏል» አላቸው።

«እንዲያ ነው?» አሉና ገቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደረጀ ሲወለድ ደረጀ አልነበረም። አባቱ ያወጡለት ስም ገመቹ ነው፤ ደስ ይበለው እንደማለት። ለትምህርት አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሲላክ መዝጋቢው «ይህ ለከተማ አይሆንም» ብሎ ደረጀ አለው፤ ልጁም ዘመናዊ ሆንኩ ብሎ ፈነደቀ። ለዕረፍት አገሩ ተመልሶ አባቱ ሲጠሩት፣ በእንግዳ ፊት «ደረጀ በሉኝ» አላቸው።  አባባ ኩማ ግን አንድ ቀን እንኳ ደረጀ ብለው ጠርተውት አያውቁም። ታፔላው እንግዲህ የዚያ ካሳ ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌው «መምህር፣ መንደሩን አሳየኝ» ብለውኝ ወጣን። አንድ ሕንድ ሱቅ ጋ ቆሙ። «ይህ ምን ይላል?» አነበብኩላቸው። «ምን ማለት ነው?» «የሰውዬው ስም ነው» አልኳቸው፣ እንደ አስተማሪ ደስ ብሎኝ። «ይህኛውስ?» «እሱም የአባት ስም ነው፤ ከነልጆቹ።» ሦስተኛውን አልጠየቁኝም። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ቤት ከደረስን በኋላ ነው።

እሑድ ወደ ጸሎት ጉባኤው በማታቱ ተሳፈርን፤ እኔ፣ ደረጀ፣ ፀሐይና አባባ ኩማ። ጎረቤት ያለ ሱማሌ ሻይ ሻጭ የስዋሂሊ ሰላምታ አስተምሯቸው ኖሮ ለካ ሰሞኑን ሁሉ ሲያጠኑት ከርመዋል። ገና እንደተቀመጡ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ከፊታቸው ወደተደረደሩት ሴቶች ጎንበስ ብለው፣ ጥርት ባለ ድምፅ፦

«ጃምቦ! ሚሚ ኒ ኩማ!»

እኔ ኩማ ነኝ ማለታቸው ነው። እሳቸው ያሉት እንዲያ ነው። ሴቶቹ የሰሙት ግን ሌላ ነው።  ረዳቱ አልሰማሁም ብሎ አስደገማቸው፤ እሳቸውም እንግዳ ተቀባይ መስሏቸው ከፍ አድርገው ደገሙለት። ከዚያ መኪናው በሳቅ ተናወጠ። አንዷ ፊቷን ዘንቢሏ ውስጥ ቀበረች። አንዲት ባልቴት «አውርዱኝ» ብላ ጮኻ መንገድ ላይ ወረደች። እኛ ሦስታችን ሦስት መስኮት አገኘንና በየመስኮታችን ወደ ውጭ አየን። አንዳችንም «አባባ፣ ይተዉ» አላልንም።

ሽማግሌው ሲወርዱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ደግ ሕዝብ ነው» አሉ። «ስሜን ሲሰማ ደስ ይለዋል። የከበደው የልጄ ሱቅ ላይ ብቻ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ጓዛቸውን ቋጠሩ።

ሽምግልና የተላክሁት እኔ ነኝ። ደረጀ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር በኦሮምኛ ነው የሚያወራው፤ እኔ ስገባ ግን ለእኔ ሲሉ ሁለቱም ወደ አማርኛ ተመለሱ፤ ቀጥሎም ደረጀ ወጣልን። ተቀመጥኩ። ስለ ቋንቋ ነገር አነሳሁ። አንድ ቃል አገር ሲቀይር ትርጉሙ እንደሚቀየር፣ ይህም በሠለጠነው ዓለም ያለ መሆኑን፣ በብዙ ምሳሌ አስረዳሁ። ምሳሌዎቼ ሁሉ ጨዋ ነበሩ፤ ስለዚህ ምንም አላስረዱም። ሽማግሌው በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«መምህር፣ አትድከም» አሉኝ። «ልጄ ድሮም በራሱ ስም አፈረ፤ አሁን በእኔ አፈረ። አልቆጣም። ያፈረብኝ ልጅ ቤት መቀመጥ ግን ይከብደኛል።»

ያኔ ማማ ንጄሪ ሳታንኳኳ ገባች። የማታቱው ወሬ ቀድሟት ደርሷል። የታሰረውን ጓዝ አየችና በእንግሊዝኛ፣ «ምዜው ወዴት ነው?» አለችኝ። (ሽማግሌውን ማለቷ ነው።) ነገርኳት።

«እስካሁን አልነገራችሁትም?»

«ነውር ነው፣ ማማ። ለአባት እንዴት ይነገራል?»

«ነውሩ የማን ነው?» አለች። «በየማታቱው ሲሳቅበት ዝም ብላችሁ ተቀምጣችሁ! ይህን ሰው ያዋረደው ቃሉ ነው ወይስ እናንተ?» በርጩማ ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። «እኔ እናገራለሁ። አንተ ተርጉም።»

ተናገረች፤ እንደ ሐኪም፣ ሳትቸኩል። እኔ ተረጎምኩ። ወለሉን እያየሁ፣ ያቺን ቃል ሀፍረት ብዬ አወጣኋት። 

«ገመቹ ያወረደው ይህን ሲያውቅ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ፣ አባባ።»

«ቀድሞ ሰቅሎት ነበር?»

«በቀይ ቀለም። አልቅሶ ነው የሰቀለው።»

ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ትዝ አላቸውና እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። «እንግዲያ ማታቱው ላይ... እነዚያ ሴቶች ልጆች ፊት...» ኮታቸውን አናታቸው ላይ ጎተቱት። ከኮቱ ውስጥ ሆነው፣ «ይቺን እመቤት ይቅርታ በልልኝ» አሉኝ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሲያፍር አይቻለሁ፤ ምንም ሳያጠፋ እንዲያ ያፈረ ሰው ግን አላየሁም።

ማማ ንጄሪ ኮቱን በእጇ መለስ አደረገችው። «እዚህ አገር ወላጅ በልጁ ነው የሚጠራው። እኔም ንጄሪ አይደለሁም፤ ንጄሪ ልጄ ናት። የልጁ ስም ማነው?»

ደረጀ ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «ገመቹ» አሉ።

«በቃ፣ ባባ ገመቹ!» አለች፣ እጃቸውን ጨብጣ። ከበሩ ኋላ ደረጀ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት።

ጓዙ ተፈታ። ኢስትሊ ሁሉ ባባ ገመቹ አላቸው፤ ሻይ ሻጩም፣ ማታቱውም፣ እነዚያው ሴቶችም። ጭንቀታችን ያለቀ መስሎን ሳለ የስደተኛ ወረቀት የሚያወጡበት ቀን ደረሰ። በዚያ ዘመን ስሙን ቀይሮ የማይመዘገብ ስደተኛ ጥቂት ነበር፤ ደረጀም ይህን ተስፋ አድርጎ ሲያባብላቸው አመሸ። «አባባ፣ እዚያ ስም ጮክ ብለው ነው የሚጠሩት። ሌላ ስም እናስመዝግብ፤ ማንም አይጠይቅም።»

«በዚህ ቤት ስም መቀየር አንዴ ይበቃል» አሉት።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፤ የእኛ ሰው፣ የሩዋንዳ ሰው፣ የኡጋንዳ ሰው። ስም ጠሪው ወጣት ነው። ወረቀቷን አነሳ፣ አያት፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምዜ» አለ። «እዚያ ያሉት ምዜ።» ብዙ ሽማግሌ ስለነበር ማንም አልተነሳም።

«ማንን ነው?» አሉኝ አባባ ኩማ።

«እርስዎን ይመስለኛል።»

«ለምን በስሜ አልጠራኝም?»

«አፍሮ ነው፣ አባባ።»

«በስሜ ይጥራኝ በለው።»

ደረጀ ክንዴን ያዘኝ። ቢሆንም ሄጄ ለስም ጠሪው በጆሮው ነገርኩት። ወጣቱ ሽማግሌውን አየ፤ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁለት። ያን ጊዜ ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ «ኩማ» ብሎ ጠራ።

ስዋሂሊ የሚሰማው ሁሉ ሳቀ። የማይሰማው ደግሞ ለምን እንደተሳቀ ጠየቀና፣ ተነግሮት፣ ዘግይቶ ሳቀ። አባባ ኩማ «አቤት!» ብለው ተነሱ። በዘንጋቸው ወለሉን እየመቱ፣ ሳይቸኩሉ፣ በዚያ ሁለት ዙር ሳቅ መሐል ቀጥ ብለው አለፉ። ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። እኔና ደረጀ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጫማችንን እናይ ነበር።

ተመልሰው መሐላችን ተቀመጡ። ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ጨርሻለሁ» አሉን። «ቀና በሉ።»